ዘመድና ተያዥ

በቀደም ለት ሌሊት ስልኬ ጮኸ። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚደወል ስልክ ወይ መርዶ ነው፤ ወይ የሰዓት ልዩነት የተምታታበት የውጭ አገር ዘመድ ነው። ደግነቱ ሁለተኛው ሆነ። ዋሺንግተን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ከገባ ገና መንፈቅ ቢሆነው ነው።

«ጋሼ፣ ቀሰቀስኩህ እንዴ?»

«ቀስቅሰኸኛል። ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ። እዚህ አገር የምታውቀው ጠበቃ ይኖር እንደሆነ ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

«ጠበቃ? ምን አጥፍተህ ነው?»

«ኧረ ምንም አላጠፋሁም! የክረምት ሥራ ፈልጌ ነው።»

መጀመሪያ ልጁ ከወንጀል ነፃ መሆኑን በማወቄ ተመስገን አልኩ። ቀጥሎ ግን ሳቄ መጣ። ይህ ልጅ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ቦሌ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ያለኝን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ያለ ዘመድ ምንም አይሆንም፤ እዚያ ግን ሰው የሚለካው በሥራው ነው» ነበር ያለኝ። ታዲያ አሁን ሰው በሥራው ከሚለካበት አገር ሆኖ በውድቅት ሌሊት እየቀሰቀሰ «ሰው ታውቃለህ ወይ?» ይለኛል። ይህንኑ ባስታውሰው ተቆጣ።

«ይሄ እኮ ዘመድ ፍለጋ አይደለም። ኔትወርኪንግ ነው። መምህሮቻችን ራሳቸው አድርጉ ይሉናል። የማታውቀውን ጠበቃ ቡና ትጋብዘዋለህ፤ ስለ ሥራው ትጠይቀዋለህ፤ እሱ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር ያስተዋውቅሃል።»

«ቡና ጠጡ ነው በለኛ!»

ሳቅንና ስልኩን ዘጋን። እሱ ሥራውን ቀጠለ፤ እኔ ግን እንቅልፌ ጠፍቶ ቀረሁ። እውነት ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው? ወይስ አንድ ነውር በእንግሊዝኛ ሲጠራ ሥልጣኔ ይሆናል?

እኛ ለዚህ ነገር ስም አላጣንለትም። ደጅ ጥናት አለን። አማላጅ አለን። እጅ መንሻ አለን። «ሰው አለህ?» የሚል ጥያቄ አለን፤ ጥያቄውን የሚጠይቀን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጉዳያችንን ሊፈጽምልን ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ነጥዬ የማየው ግን አንድ ቃል አለ። ተያዥ። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ሆኖ የተቀጠረ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። መሥሪያ ቤቱ «ተያዥ አቅርብ» ይላል። ተያዡ የሥጋ ዘመድ መሆን የለበትም። ብቻ ደመወዙን አሳይቶ፣ «ይህ ሰው ቢያጎድል እኔን ጠይቁኝ» ብሎ ይፈርማል። ዘመድ «የእኔ ነውና ቅጠሩልኝ» ሲል ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም። ተያዥ ግን የራሱን ስምና ደመወዝ መያዣ ያደርጋል። በእኔ ግምት የጥያቄዬ መልስ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። መልሱን ለማግኘት ግን የእህቴ ልጅ ያለበትን አገር ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። (የአሜሪካውን ነገር ሳወራ ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።)

በአሜሪካ ጠበቃ ለመሆን የሕግ ትምህርት ቤት መግባት የግድ የሆነው በኋላ ዘመን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አብዛኛው ጠበቃ የወጣው ከጠበቃ ቢሮ ነበር። ወጣቱ አንድ ጠበቃ ዘንድ ይጠጋል። ውል ይገለብጣል፤ መልእክት ያደርሳል፤ ቢሮ ይጠርጋል፤ በትርፍ ጊዜው የጠበቃውን መጻሕፍት ያነባል። እንግዲህ ከሥራው በፊት መጠጊያው ይቀድም ነበር ማለት ነው። የሚጠጉበት ጠበቃ ያላወቁ ሰዎች ሕግንም አያውቋትም ነበር።

አብርሃም ሊንከንን እንውሰድ። በ1832 ብላክ ሆክ የሚባለው የሕንዶች ጦርነት ሲነሳ ሊንከን በበጎ ፈቃደኝነት ዘመተ። በዚያው ዘመቻ ላይ ጆን ቶድ ስቱዋርት ከሚባል የስፕሪንግፊልድ ጠበቃ ጋር ተዋወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ የኢሊኖይ ምክር ቤት አባል ሆነው እንደገና ተገናኙ። ስቱዋርት ይህን ረጅምና ምስኪን ወጣት ሕግ አጥና ብሎ ገፋፋው፤ መጻሕፍቱንም አዋሰው። ሊንከን መጻሕፍቱን ለማምጣት ከኒው ሳሌም እስከ ስፕሪንግፊልድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይመላለስ ነበር። በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በ1837 ወደ ስፕሪንግፊልድ ሲዛወር የሥራ ሸሪክ ያደረገው ያው ስቱዋርት ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች አልነበሩም። አብሮ አደግም አልነበሩም። የዘመቻ ትውውቅ ብቻ ነበር።

የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በ1855 አንድ ወጣት «እርስዎ ዘንድ ሆኜ ሕግ ላጥና» ብሎ ለሊንከን ጻፈለት። ሊንከን በትሕትና መለሰ። እኔ ከቤት ስለምርቅ አይመችህም፤ ደግሞም ከሰው ጋር ማጥናት አያስፈልግህም፤ መጻሕፍቱን አግኝና አንብብ፤ እኔም ከማንም ጋር አላጠናሁም የሚል ነበር መልሱ። አልዋሸም። ስቱዋርት አስተማሪው አልነበረም። ነገር ግን «መጻሕፍቱን አግኝ» ሲል የእሱ መጻሕፍት ከማን ቤት እንደ መጡ አላነሳም። ሰውዬው በሐቀኝነቱ ስም ያወጣ ሰው ነው። እሱ ይህን ካላስታወሰ እኛማ ምን ይገርማል? በሰው ትከሻ የወጣ ሰው ትከሻውን ቶሎ ይረሳል። «በራሴ ጥረት» የሚለውን የሕይወት ታሪክ ሁሉ ሳነብ ይህች ደብዳቤ ትዝ ትለኛለች።

ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ነገሩ መልኩን መለወጥ ጀመረ። በ1870 ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ላንግዴል የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆነ። ሕግ ከቢሮ ሳይሆን ከፍርድ ቤት ውሳኔዎች ተመርምሮ በክፍል ውስጥ ይማሩታል አለ። እያደር ሌሎችም ተከተሉት። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ደግሞ ፖል ክራቫት የተባለ የኒውዮርክ ጠበቃ አዲስ አሠራር አመጣ። ልምድ ያለውን ጠበቃ ከሌላ ቢሮ ከመሳብ ይልቅ ከታወቁ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ትኩስ ተመራቂዎች ወስዶ ራሱ ያሠለጥናቸው ጀመር። ትልልቆቹ ቢሮዎች ሁሉ ይህን ቀዱ። ወሬው የሚያስደስት ነበር። ከእንግዲህ የሚጠየቀው የአባትህ ስም ሳይሆን ውጤትህ ነው ተባለ።

የክረምት ሥራ የሚሉትም በዚሁ ላይ የበቀለ ነው። (ክረምት ስል የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ማለቴ ነው፤ እዚያ ወራቱ ሐሩር ነው።) የሕግ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው፤ በመካከሉ ሁለት ክረምት አለ። በተለይ በሁለተኛው ክረምት ተማሪው አንድ ቢሮ ገብቶ 10 ሳምንት ገደማ ይሠራል። ጥናት ያቀርባል፤ ፍርድ ቤት ይከተላል፤ ምሳ ይጋበዛል። ቢሮው ልጁን ይመዝናል፤ ከወደደው «ስትመረቅ ና» ይለዋል። ስለዚህ ክረምቱ ደመወዝ ያለው ፈተና ነው። በ1971 ቅጥሩን የሚከታተሉት ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች ናልፕ የሚባል ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሱ። ቢሮዎቹ ግቢ ድረስ መጥተው በተርታ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ዘመድ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው አይመስልም።

እስቲ ከወረቀቱ ወጥተን ወደ ሰዎቹ እንሂድ። በ1952 ከስታንፎርድ ሕግ ትምህርት ቤት ከተመረቁት መካከል ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ዊሊያም ሬንኲስት፣ ሁለተኛዋ ሳንድራ ዴይ፤ በኋላ በባሏ ስም ኦኮነር የተባለችው። ሁለቱም ከክፍሉ ቁንጮዎች ናቸው።

በ1951 ክረምት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሮበርት ጃክሰን የትምህርት ቤቱን አዲስ ሕንፃ ሊመርቁ ስታንፎርድ መጡ። ፊል ኒል የሚባለው መምህር ቀደም ሲል የጃክሰን ረዳት ነበረ። ተማሪውን ሬንኲስትን ከዳኛው ጋር አገናኘው። አጭር ጨዋታ ተጫወቱ። ከወራት በኋላ ሬንኲስት ዋሺንግተን የጃክሰን ረዳት ሆኖ ተቀመጠ።

ሳንድራስ? በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ወደለጠፉት ቢሮዎች ሁሉ ደወለች። ሴት አንቀጥርም አሏት። ቃለ መጠይቅ እንኳ የሚሰጣት ጠፋ። እሷም ሰው ፈለገች። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ አባት በአንድ ትልቅ የሎስ አንጀለስ የጥብቅና ቢሮ ባለድርሻ ነበሩና በእሳቸው በኩል ቀጠሮ ተያዘላት። ቀጠሮው ላይ የተጠየቀችው ስለ ሕግ አልነበረም። ታይፕ እንዴት ነሽ ተባለች። ጥሩ ከሆንሽ የጽሕፈት ሥራ ልንፈልግልሽ እንችላለን አሏት።

ይህችን ታሪክ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ሳንድራ ሰው አልነበራትም እንዳንል ሰው ነበራት። በሩ ተከፍቶላታል። ውስጥ የነበረው ወንበር ግን ለእሷ የተሠራ አልነበረም። ስለዚህ «ሰው ማወቅ ብቻ ነው» የሚለውም ተስፋ የቆረጠ አባባል ልክ አይደለም።

ምን አደረገች? የሳን ማቴዮ አውራጃ ዐቃቤ ሕግ ከዚህ በፊት አንዲት ሴት ቀጥሮ እንደነበር ሰማች። ሄደች። በጀትም ቢሮም የለኝም አላት። ያለ ደመወዝ እሠራለሁ፤ ጠረጴዛዬንም ጸሐፊዋ ዘንድ አደርገዋለሁ ብላ ጻፈችለት። ገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ደመወዝ ተቆረጠላት። በ1981 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆነች፤ እዚያ ስትደርስ የክፍል ጓደኛዋ ሬንኲስት ከ1972 ጀምሮ ተቀምጦበት ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። ያን ጊዜ የአገሪቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረው ሰው በፊት የዚያ የሎስ አንጀለስ ቢሮ ባለድርሻ ነበረ።

ሁለተኛዋ ምስክሬ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናት። በ1956 ሃርቫርድ ስትገባ ከ500 በላይ በሚሆኑ ተማሪዎች መካከል የነበሩት ሴቶች 9 ብቻ ናቸው። በ1958 ክረምት በአንድ የኒውዮርክ ቢሮ የክረምት ሥራ አገኘች። ሥራውን ሠራች። ክረምቱ ሲያልቅ ግን ሌሎች የሚጠብቁት «ስትመረቂ ነይ» የሚል ቃል አልመጣላትም። ወደ ኮሎምቢያ ተዛውራ በ1959 ከክፍሏ አንደኛነቱን ከሌላ ተማሪ ጋር ተጋርታ ተመረቀች። አሁንም ቀጣሪ የለም። ሴት ናት፤ የሕፃን እናት ናት፤ አይሁዳዊት ናት። መምህሯ የነበረው አልበርት ሳክስ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ፌሊክስ ፍራንክፈርተር ረዳት አድርገው እንዲቀጥሯት አሳሰበላቸው። ሴት ለመቅጠር ዝግጁ አይደለሁም አሉ። እኚሁ ዳኛ በ1948 የፍርድ ቤቱን የመጀመሪያ ጥቁር ረዳት የቀጠሩ ሰው ናቸው። ሰው በአንድ በኩል በሩን ከፍቶ በሌላ በኩል ሊዘጋው ይችላል።

በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠው ጄራልድ ጉንተር የተባለው የኮሎምቢያ መምህር ነው። ኤድመንድ ፓልሚየሪ ወደሚባሉት የኒውዮርክ የፌዴራል ዳኛ ሄደ። ዳኛው የሕፃን እናት ሆና ሥራውን ትችለዋለች ወይ ብለው ተጠራጠሩ። ጉንተር ሁለት ነገር ነገራቸው። አንደኛ፣ ሥራው ቢያቅታት የሚተካት ወንድ ተመራቂ አዘጋጅቻለሁ። ሁለተኛ፣ እሷን ካልሞከሯት ከእንግዲህ ከኮሎምቢያ ተማሪ አልልክልዎትም። ዳኛው ቀጠሯት፤ እስከ 1961 አብራቸው ሠራች። በ1993 እሷም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገባች።

አያችሁ ጉንተርን? ልጅቷ የሥጋ ዘመዱ አይደለችም። ጥቅም የለውም። ቢያቅታት የሚያፍረው እሱ ነው። ይህ ሰው በእኛ ቋንቋ ተያዥ ነው። ፈርሟል!

«ተያዥ ለማግኘትም እኮ ሃርቫርድና ኮሎምቢያ መግባት ያስፈልጋል» የሚል ሰው እንዳለ ይገባኛል። እውነት ነው። በ1930ዎቹ አንድ ጥቁር የሕግ ተማሪ የትኛውን ቢሮ ባለቤት ቡና ይጋብዛል? አብረው የሚቀመጡበት ቡና ቤትስ የት አለ? ቱርጉድ ማርሻል የትውልድ አገሩ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ስለማይቀበል ዋሺንግተን ወደሚገኘው ሃዋርድ ሄደ። እዚያ የጠበቀው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነው። ሂውስተን ሃርቫርድ ተምሮ የመጣ፣ በነጮቹ ቤት ያለውን አሠራር ያየ ሰው ነው። ተማሪዎቹን ያለ ምሕረት አሠራቸው። ማርሻል በ1933 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ሲመረቅ ወስዶ አብሮት በደቡብ ግዛቶች ዞረ፤ የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል አሳየው። በ1935 ሁለቱ ሆነው ያንኑ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከሰሱ፤ አንድ ጥቁር ተማሪም ሕግ ትምህርት ቤቱ ገባ። በ1936 ሂውስተን የጥቁሮች መብት ተሟጋች በሆነው ማኅበር ረዳቱ አድርጎ ኒውዮርክ አመጣው። በ1954 የትምህርት ቤት መለያየትን የሻረውን ፍርድ ያስገኘው፣ በ1967 የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ይኸው ማርሻል ነው። እንግዲህ በሩ የተዘጋባቸው ሰዎች ተያዥ የሚሆናቸውን ሰው ከራሳቸው መካከል አወጡ ማለት ነው። ሂውስተን ግን 1954ን ሳያይ በ1950 አረፈ።

ይህን ሁሉ በታሪክ ስናይ ቆይተን አንድ ሰው በቁጥር መጣ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የኅብረተሰብ ተመራማሪ ቦስተን አጠገብ ባለችው በኒውተን ከተማ ሥራ የቀየሩ 282 የሙያና የአስተዳደር ሠራተኞችን አጠና። ጥናቱን በ1974 በመጽሐፍ አወጣው። 56 ከመቶ የሚሆኑት ሥራውን ያገኙት በሚያውቁት ሰው በኩል ነው። ይህስ አያስገርምም። የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ያስገባቸውን ሰው ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ሲጠየቁ፣ በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ ያሉት 17 ከመቶ ያህል ብቻ ናቸው። 28 ከመቶ የሚሆኑት በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ በታች የሚያገኙት ሰው ነው። የቀሩት በመካከል ናቸው። ሥራ የሚያስገኘው የቅርብ ወዳጅ ሳይሆን የሩቅ ትውውቅ ሆኖ ተገኘ።

ለምን? አባቶቻችን «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብለዋል። አህያዋ በምታውቀው አመድ ላይ ትንከባለላለች። የቅርብ ዘመዴ የሚያውቀውን ወሬ እኔም አውቀዋለሁ፤ እኔ የማላውቀውን እሱም አያውቀውም፤ ሁለታችንም አንድ አመድ ላይ ነን። አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ ሰፈር ከሚውል ሰው ነው። የሊንከን ስቱዋርት የዘመቻ ትውውቅ ነበር። የሬንኲስት ዳኛም ሕንፃ ሊመርቁ የመጡ እንግዳ ነበሩ።

ከሁሉ ደግሞ የባራክ ኦባማ ታሪክ ያስቀኛል። በ1989 ክረምት ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ሲድሊ ኤንድ ኦስቲን የተባለ የቺካጎ ቢሮ ገባ፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ብርቅ ነገር ነው። መምህሩ ማርታ ሚኖው በጣም ስላደነቀችው የዚያ ቢሮ ባለድርሻ ለሆኑት ለአባቷ ለኒውተን ሚኖው ስለ ልጁ ነገረቻቸው። አባቷ የቅጥር ኃላፊውን «ይህን ስም ጻፍልኝ» ቢሉት እሱ ሳቀ። ቀደም ብሎ ቀጥሮታል! ሥራው ከአማላጁ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ቢሮው እንዲያለማምደው የመደበለት ጠበቃ ሚሼል ሮቢንሰን ናት፤ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ግን በዘመን አንዴ ነው። አብዛኛው ተማሪ ስሙን የሚያነሳለት ሰው ያስፈልገዋል። በ2018 መጨረሻ ናልፕ የቅጥር ጊዜውን የሚወስነውን መመሪያ ስላነሳ ቢሮዎች ከግቢው ቃለ መጠይቅ በፊት ቀድመው መቅጠር ጀምረዋል። የእህቴ ልጅ በአንደኛው ዓመት አጋማሽ ላይ እንቅልፍ ያጣውና እኔንም ያሳጣኝ ለዚህ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ የእኛም የሕግ ፋኩልቲ የአሜሪካ እጅ አለበት። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል የተባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። የክረምት ሥራው ገበያ ግን አብሮ አልመጣም። የእኛ ተማሪ በሌላ መንገድ ነው ከሥራ ጋር የተዋወቀው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀምሮ ተማሪው ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር መሄድ ግዴታው ሆነ፤ አብዛኛው በመምህርነት። በደርግ ዘመን ደግሞ ተመራቂው በመንግሥት ይመደባል። ምደባ በሐሳብ ደረጃ የዘመድን ነገር የሚያጠፋ ነበር። ሁሉም በዝርዝር ተጽፎ ይለጠፋል። ዳሩ ግን አዲስ አበባ ስለሚቀረውና ጠረፍ ስለሚሄደው ሰው ምን ይባል እንደነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ያውቁታል። ዘመድ በር ሲዘጋበት በመስኮት ይገባል። በኋላ ዘመን የመጣው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ተማሪው ፍርድ ቤትና ቢሮ እየዋለ የሚማርበትን ኤክስተርንሺፕ ከነምዘናው አስገብቷል። ጥሩ ነው። ምደባውንም ቢሆን ሰው ነው የሚጽፈው።

ሌሊቱ ሊነጋ ሲል የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ትምህርት እንደ ጨረስኩ አንድ መሥሪያ ቤት የክረምት ወራት ሒሳብ ክፍል ሊያሠራኝ ተስማማ። ተያዥ አምጣ አለኝ። ዘመዶቼን ዞርኩ። አንዱ ለሌላ ሰው ፈርሜያለሁ አለኝ። አንዱ ደመወዜ አይበቃም አለኝ። አንዷ አክስቴ ምሳ ጋብዛኝ መርቃ ሸኘችኝ። በመጨረሻ የፈረሙልኝ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩኝ፣ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰላምታ ብቻ የምሰጣቸው መምህር ናቸው። ወረቀቱን ፈርመው ሲያቀብሉኝ «አደራ፣ እንዳታሰድበኝ» አሉኝ። ያን ክረምት አንድ ሳንቲም እንዳትጎድል ሌሊት እየቆጠርኩ የማድረው መሥሪያ ቤቱን ፈርቼ አልነበረም። ሥራው አልቆ ወረቀታቸውን ሳላስመልስላቸው ወደ ሌላ ሄድኩ። ከዓመታት በኋላ ሊጠይቋቸው ከሚገባቸው ሰዎች አንዱ እኔ እንደነበርኩ የሰማሁት ለቅሷቸው ላይ ነው። ስለ ራሴ ስናገር ግን «በራሴ ጥረት» ነው የምለው። ሊንከንን ምን አፍ ኖሮኝ ልታዘበው?

በማግስቱ ለልጁ ደወልኩለት። ሰፈራችን ያደገች፣ አሁን እዚያው ሜሪላንድ ጠበቃ የሆነች ልጅ ትዝ ብላኛለች፤ ከተነጋገርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። «እጽፍላታለሁ» አልኩት። «በመጀመሪያ ግን የጻፍከውን አንድ የትምህርት ቤት ጽሑፍ ላክልኝ።»

«ጋሼ! እኔን አታውቀኝም እንዴ?»

«የእህቴ ልጅ መሆንህን አውቃለሁ። ስትመጣ ዶሮ ይታረድልሃል። ለእሷ የምልክላት ግን ስሜን ነው።»

ቅር ብሎት ዘጋው። ከሦስት ቀን በኋላ ስለ ተከራይና አከራይ ክርክር የጻፈው 11 ገጽ ጽሑፍ መጣ። ሕጉ ሁሉ አልገባኝም። ነገር ግን የተከራይዋን ጉዳይ ተረድቶ፣ ለእሷ የማይመቸውንም ማስረጃ ሳይደብቅ ጽፎታል። ለጠበቃዋ አራት መስመር ጻፍኩ። ዘመዴ መሆኑን ነገርኳት፤ መደበቅ የለበትምና። ጽሑፉን አንብቤ ምን እንዳየሁበት ነገርኳት። ጊዜ ከሌላት ምንም ቅር እንደማይለኝ ጨመርኩ። መልስ ገና አልመጣም። ሥራውን ያግኝ አያግኝ አላውቅም።

የልጁን አንድ ነገር ግን ማስተካከል አለብኝ። የቡናውን ነገር ቀልጄበት ነበር። እሱ ለማያውቃቸው 20 ጠበቆች ጽፎ የመለሱለት ሦስት ናቸው። ሦስቱም ዘመድ የላቸውም፤ አገር ልጅም አይደሉም። ዝም ብለው ግማሽ ሰዓት ሰጡት። ተያዥ የሚገኘው እንዲህ ካለ ሰው ነው። የእኔ የእህት ልጅ ቢያንስ ሌሊት የሚቀሰቅሰው አጎት አለው። ያ የሌለው ተማሪ ግን እዚያም እዚህም ብዙ ነው። ምናልባት በዚህ ሳምንት እናንተ ቢሮ በር ላይ የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ ይዞ የቆመ ልጅ ይኖራል። «ሰው አለህ?» ከማለታችሁ በፊት ማስረጃውን ተቀብላችሁ አንብቡለት።